የአራስ ቤቱ ሁለት ቀዳዳዎች

እኔ «እስቲ አረፍ በል» ሲሉኝ የሚያመኝ ሰው ነኝ። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ጉልበቴ መዝለል ይጀምራል፤ ከቆምኩ ደግሞ እጄ የሚነካካው ነገር ይፈልጋል። አትላንታ ዳር፣ ዶራቪል በሚገኘው ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የቆየሁት ሥራውን ወድጄው እንዳይመስላችሁ፤ ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ ስለሚያስብል ነው። አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁሉ አንብቤ ጨርሼ፣ የተጣመመውን ሥዕል አቃንቼ፣ የሚነቃነቀውን ወንበር ገልብጬ ብሎን ሳጠብቅለት ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ አለፈኝ። ጥርሴ እስከ ዛሬ ያመኛል። ወንበሩ ግን ደህና ነው።

እንዲህ ያለ ሰው አራስ ቤት ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሜሮን የመጀመሪያ ልጃችንን የተገላገለችው ከገና ማግሥት ነው። ሴት ልጅ። ማርያም ማረቻት ተባለ፣ እልል ተባለ፣ ሎረንስቪል ወዳለው ቤታችን ይዘናት ገባን። ቤቱ ከኛ በፊት ሦስት ባለቤት ያየ አሮጌ ቤት ነው፤ እኔ የወደድኩትም ለዚያ ነው፤ የሚነካካ ነገር አያልቅበትም። ገና በሩን ሳንዘጋ የሜሮን እናት እማማ ዘውዴ ከሊቶኒያ ከነሻንጣቸው፣ ከነገንፎ ማንኪያቸውና ከነድስታቸው ደረሱ።

እማማ ዘውዴን ካላወቃችኋቸው ብዙ ቀርቶባችኋል። ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ የአራት ዓመት ልጃቸውን ሜሮንን ይዘው አትላንታ ከገቡ ሃያ ስድስት ዓመታቸው ነው። ከሆቴል ልብስ አጣቢነት ተነሥተው የላውንደሪው ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት የሚባለውን አውራ ጎዳና በጥድፊያው ሰዓት በአንድ እጃቸው ይነዱታል። ፖሊስ አስቁሟቸው እሳቸው ፖሊሱን መክረው የለቀቁት ሴት ናቸው። በዚህ ዓለም ላይ የሚፈሩት እግዚአብሔርንና ንፋስን ብቻ ነው፤ ከሁለቱ በየቀኑ የሚያስጨንቃቸው ንፋሱ ነው።

በዚህ እንኳ እኛ እሳቸውን መውቀስ አንችልም። የኛ ሰው ምንም ጀግና ቢሆን በታክሲ መስኮት ለምትገባ ንፋስ እጅ ይሰጣል። በነሐሴ ሙቀት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቫን ውስጥ አሥራ አምስት ሰው ታጭቀን ስንሄድ፣ ከፊት የተቀመጠው መስኮት ዝቅ ቢያደርግ ከኋላ አንድ ድምፅ «ኧረ ዝጋው፣ ሰው ታስመታለህ» ማለቱ አይቀርም። መታፈን በሽታ አይደለም። ንፋስ ነው በሽታ። ይህ እንግዲህ ለጤነኛው ነው፤ ለአራስማ ሲሆን ጉዳዩ ሌላ ነው።

አራስ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ሥራ ነበረው። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ትተኛለች። ሜሮን ታጠባለች። እማማ ዘውዴ አጥሚቱን ያፈላሉ፣ ገንፎውን ያገነፋሉ፣ ጠያቂውን ያስተናግዳሉ። የኔ ሥራ ከመንገድ ዞር ማለት ነበር። ከዌርሃውስ የወሰድኩት የሁለት ሳምንት እረፍት ገና በሦስተኛው ቀን አሳበደኝ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባላል። የኔ ቆብ ቤቱ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው እማማ ዘውዴ አንድ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ «ይሄ ንፋስ ከየት ነው የሚገባው?» ሲሉ ነው።

እኔ ከሶፋው ላይ እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ሥራ ተገኘ።

በመጀመሪያ ቀን የፊት ለፊቱን በር ስር በጎማ ደፈንኩ። በሁለተኛው ቀን መስኮቶቹን በሙሉ በፕላስቲክ ሸፈንኩ። በሦስተኛው ቀን ጠያቂዎች መጡ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ማኅበር ሴቶች ናቸው። እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለው ገና ሳይቀመጡ አንዷ አንገቷን ሰብቃ «እዚህ ጋ ብርድ አለ» አለች። ሌላዋ የምድጃውን አካባቢ ጠረጠረች። ሦስተኛዋ የማብሪያ ማጥፊያው ቀዳዳ ላይ ጣቷን አድርጋ «በዚህ በኩል እኮ ይነፍሳል» አለችኝ። እኔ ቴፕ በክንዴ እንደ አምባር አጥልቄ ከኋላቸው እየተከተልኩ በሚጠቁሙበት ሁሉ እለጥፋለሁ። ሲወጡ በሩ በጣም ገጥሞ አልከፈት አላቸውና ገፍተን አስወጣናቸው። መረቁኝ።

ያም ሆኖ ኮሪደሩ ላይ ያለው ብርድ አልጠፋም።

እዚያ ኮሪደር ላይ፣ ከመኝታ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ጠባብ ክሎዜት፣ የቁም ሣጥን ያህል ክፍል አለ። በሩ ድፍን አይደለም፤ በቀጫጭን ጣውላ የተሠራ፣ በመሃሉ አየር የሚያሳልፍ ነው። ቤቱን የሚያሞቀው ሂተር የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። በጋዝ የሚሠራ የድሮ ሂተር፤ ከአናቱ አንድ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ ወጥቶ በጣሪያው ይሄዳል። ከፈትኩና ገባሁ። ከሂተሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ አየሁ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ እያንዳንዳቸው የዳዊት መጽሐፍ ስፋት ያላቸው፣ በሽቦ ወንፊት የተሸፈኑ። እጄን ብሰድ ከጣሪያ ሥር የሚመጣው ብርድ ጣት ያደነዝዛል።

መጀመሪያ ሳቅኩ። ይህን ቤት የሠራው ሰው መዝጋት የረሳ መሰለኝ። በአንድ በኩል ሂተር አቁሞ፣ በሌላ በኩል ሁለት ቀዳዳ ከፍቶ ይተዋል? ጥርስ ሐኪም ቤት የተለጠፈውን ሁሉ የማነብ ሰውዬ፣ ሂተሩ ጎን ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ ማስጠንቀቂያ አላነበብኳትም። አቧራ ለብሳ ነበር፤ አቧራውን እንኳ ጠርጌላታለሁ፤ ግን አላነበብኳትም።

አንድ ጊዜ ልቤ ለንስሐ አባታችን ልደውል ብሎ ነበር። ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ እሑድ ይቀድሳሉ እንጂ በሥራ ቀን የአንድ ትልቅ አፓርትመንት ሜንተናንስ፣ የተበላሸ ጠጋኝ ናቸው፤ የማያውቁት ሂተር፣ ያልፈቱት ቧንቧ የለም። በበልግ ቤታችን መጥተው «ልጄ፣ ሂተርህ የድሮ ነው፣ አንድ ቀን ልየው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሥራ በጣም ቸግሮኝ ሳለ ያገኘሁትን ሥራ ለሰው መስጠት አልፈለግኩም። ደግሞስ ሰው ሁለት ቀዳዳ ለመድፈን ንስሐ አባቱን ያስቸግራል?

የታችኛውን በአሮጌ ብርድ ልብስ ወተፍኩት። የላይኛውን በዳይፐር ካርቶን ሸፈንኩት። በሁለቱም ላይ ቴፕ፣ ሦስት ድርብ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል።

በማግሥቱ ኮሪደሩ ሞቀ። ከክሎዜቱ በር ይወጣ የነበረው ብርድ ቀርቶ ለስለስ ያለ፣ ወበቅ ያለው ሙቀት ይወጣ ጀመር። እማማ ዘውዴ እጃቸውን ዘርግተው ሞከሩትና «አሁን ገና ቤት ሆነ፤ እጅህ ይባረክ» አሉኝ። የሕፃኗን ልብሶች አጥበው እዚያ በር ላይ አሰጧቸው። እኔ እንደ ሹመት ቆጠርኩት። በትዳሬ አምስት ዓመት ሙሉ አማቴ እጄን ሲባርኩት የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ስለ ኪችን ፋናችን፣ ስለ ማድቤቱ አየር ማውጫ መናገር አለብኝ። ባለፈው ዓመት የገጠምኩት እኔው ነኝ። የኛ ሰው ሽንኩርት ሲያቁላላ ሽታው ሶፋ ውስጥ ገብቶ እስከ ፋሲካ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ፋን ስገዛ ከሁሉ የሚበረታውን ገዛሁ። ሲበራ የሳሎኑ መጋረጃ ወደ ማድቤት ይሰግዳል። እማማ ዘውዴ አራሷን ሽታ እንዳያውካት ከጠዋት እስከ ማታ አያጠፉትም። የልብስ ማድረቂያውም ከሕፃን ጨርቅ የተነሣ አያርፍም። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱ በየቦታው ታሽጓል፤ አየሩን የሚያስወጣው ግን ሌት ተቀን ይሠራል። የወጣው አየር በምን እንደሚተካ ለአንድ ደቂቃ አስቤ አላውቅም።

ራስ ምታቱ በሳምንቱ መጣ።

መጀመሪያ የጀመራቸው እማማ ዘውዴን ነው፤ በሻሽ ጥፍር አድርገው አሰሩት። ቀጥሎ እኔን ያዘኝ። ከዚያ ሜሮንን፣ ከነማቅለሽለሹ። «ብርድ ነው የመታን» አሉ እማማ ዘውዴ። ብርድ ከሆነ መድኃኒቱ ይታወቃል። እንደገና ዞርኩ፤ የበሩን ቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ደፈንኩ።

ሜሮን ግን አልተዋጠላትም። አሜሪካ ያደገች ልጅ ናት፤ ሲያማት ከሻሽ ይልቅ መስኮት ያምራታል። «ቤብ፣ ላይክ፣ አየሩ ከብዶኛል። ዊንዶው ልክፈት ፕሊስ» አለችኝ።

«አራስ ነሽ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ግን ብሬይኔ ወጥ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለኝ።»

«ሜሪዬ፣ እናትሽ ይሰማሉ።»

እሷም ተመልሳ ጋደም አለች። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ሕፃኗን ለማጠብ መታጠቢያ ቤት በገባች ቁጥር የዚያችን ትንሽ መስኮት ፕላስቲክ ገልጣ ትከፍትና እዚያው ትቀመጥ ነበር። እኔ ስገባ ፕላስቲኩ ተላጦ አየሁት። የኔ ሥራ አልጠነከረም ብዬ አፈርኩ። ሐሙስ ዕለት በአዲስ ቴፕ፣ እንዳይላጥ አድርጌ ለጠፍኩት።

ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

በዚያው ሳምንት አላርሙ መጮኽ ጀመረ። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለ ነጭ ክብ ነገር ነው። አራት ጊዜ ይጮኻል፣ ትንሽ ያርፋል፣ አራት ጊዜ ይጮኻል። እኔ የጭስ አላርም ነው ብዬ ነው የማውቀው። ባትሪ ቀየርኩለት፤ ጮኸ። አወረድኩና ሥሩን አየሁት፤ ጮኸ። ከዚያ አንድ ነገር አስተዋልን፤ የሚጮኸው እማማ ዘውዴ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ነው። «ሽንኩርት አይወድም ማለት ነው» አልኩ። ስለዚህ ምን አደረግን? ፋኑን ከፍ አደረግነው። ከፍ ባደረግነው ቁጥር ይበልጥ ጮኸ።

«ሕፃኗን አስደነበራት፤ አንድ በለው» አሉኝ እማማ ዘውዴ። በፎጣ ጠቀለልኩትና የመኪናዬ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ትንሽ ቆይቼ ወጥቼ ባዳምጥ ጸጥ ብሏል። ገብቼ ነገርኳቸው።

እማማ ዘውዴ ሻሻቸውን እያጠበቁ «እሱም እንደኛው ነው በላ» አሉ። «ከዚህ ቤት ሲወጣ ይሻለዋል።»

ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል።

እውነታቸውን ነበር። እሑድ ቅዳሴ ስንሄድ እኔም እሳቸውም ራስ ምታቱ ለቀቀን፤ ቤት ስንመለስ እንደገና ያዘን። እረፍቴ አልቆ ዌርሃውስ ስገባ ይተወኛል፤ ቤት ስገባ ይጠብቀኛል። እማማ ዘውዴ ይህን አስተውለው ቁጭ ብለው አሰቡና ፍርዳቸውን ሰጡ። «ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ከኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ማን ያውቃቸዋል? እኛ እንኳ ቤተ ክርስቲያን እየሄድን ይለቀናል። እሷ ግን ሰማንያ ቀን ሳይሞላት፣ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሣ ቤተ ክርስቲያን አትገባ። ለዚህ ነው የጠናባት። ቄስ መጥተው ጸበል ይርጩበት።»

ሜሮን ያን ጊዜ አልጋ ላይ ናት። ፊቷ አመድ መስሏል። ሕፃኗም ከወትሮው በላይ ትተኛ ጀመር፤ ስትነሣም ጡቱን በደንብ አትይዝም። እኛ «ጨዋ ልጅ፣ አታስቸግርም» እያልን እናመሰግናታለን። እኔ ያን ጊዜ ፈራሁ። ምን እንደምፈራ ግን አላወቅኩም፤ ስለማላውቅም ከክፍል ክፍል እየዞርኩ የለጠፍኩትን ቴፕ ደግሜ በአውራ ጣቴ እጫናለሁ።

ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ መጡ። ቅዳሜ ጠዋትም ሥራ ስለነበራቸው ከቀሚሳቸው ሥር የሥራ ቦቲያቸው ይታያል። እማማ ዘውዴ ለአባ ብለው ሁለት ዶሮ አርደው ወጥ ጥደዋል፤ ፋኑ በመጨረሻው ኃይሉ ይጮኻል፤ ማድረቂያው ይዞራል፤ ውጪው ብርድ ስለነበር ሂተሩም አላረፈም። አባ ገና ሲገቡ መስኮቶቹን አዩ። በፕላስቲኩ ውስጥ መስተዋቱ ላብ አልቦት ይወርዳል።

«ቤታችሁ ያልበዋል?» አሉ።

«ስለሚሞቅ ነው አባ» አልኩ ደስ ብሎኝ።

ጸሎቱ ተጀመረ። አባ መጽሐፋቸውን ዘርግተው ያነባሉ፤ እማማ ዘውዴ የጸበሉን ዕቃ ይዘዋል፤ ለኔ የተለኮሰ ጧፍ ሰጡኝ። ሳሎኑን ጨርሰን ኮሪደሩ ጋ፣ ከክሎዜቱ በር ፊት ስንደርስ የጧፉ እሳት ወደኔ ተጋደመ።

አባ ንባባቸውን አቁመው አዩኝ። «አትነቅንቀው።»

«አልነቀነቅኩም አባ።»

«ልጄ፣ እኔ አንተን አውቅሃለሁ። ለአንድ አፍታ ቁም።»

እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ ቀጥ ብዬ የቆምኩት ያን ጊዜ ነው። አባ አላመኑኝም። ጧፉን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ያዙት። እሳቱ በሳቸውም እጅ ተጋደመ፤ ከበሩ ወደ ውጪ፣ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ እፍ የሚልበት ይመስላል። እማማ ዘውዴ አማተቡ። «ይኸው፤ አለ አላልኳችሁም?» አሉ በሹክሹክታ።

አባ በሩን ከፈቱ። የሂተሩ አናት ላይ፣ ጭስ ማውጫው ከሚነሣበት አፍ አጠገብ ጧፉን አስጠጉ። ወደ ላይ መሳብ የነበረበት እሳት ወደ ፊታችን ተመለሰ። ዝቅ ብለው የሂተሩን ነበልባል በቀዳዳው አዩት፤ ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ከዚያ ቀና ሲሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥራዬን አዩ።

«ይሄን ማነው የዘጋው?»

«እኔ ነኝ አባ» አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ሦስት ድርብ ነው» ብዬም ጨመርኩ።

አባ ጧፉን አጠፉ። መጽሐፋቸውን ዘጉ። ሂተሩን ከማብሪያው አጠፉና በዚያ በቅዳሴ ላይ በምናውቀው ድምፃቸው፣ ሳይጮኹ፣ «ሁላችሁም ውጡ። አሁኑኑ። ናይን ዋን ዋን ውጪ ሆነህ ደውል» አሉ። «ጸበሉ ይደርሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለው፣ መልክ የለው።»

ሜሮን ሕፃኗን አቅፋ ብድግ ስትል እማማ ዘውዴ የመኝታ ቤቱ በር ላይ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። የጸበሉን ዕቃ ግን አልለቀቁም። «አባ፣ አራስ እኮ ናት። ሃያ ቀኗ ነው። ልጅቱ ገና ጨቅላ። በዚህ ንፋስ?»

«እማማ ዘውዴ» አሉ አባ፣ «ዛሬ የሚያድናት ንፋሱ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት አትላንታ ያልለወጠውን ነገር ያች አንዲት ቃል ስትለውጠው አየሁ። እማማ ዘውዴ ዕቃውን አስቀመጡ። ሕፃኗን ከሜሮን ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፏት፣ በጋቢ ሸፈኗትና ከሁላችን ቀድመው በሩን ሊከፍቱ ሄዱ። በሩ እንቢ አለ፤ የኔ ጎማ ይዞታል። ያኔ ነው እኔም የገባኝ። በትከሻዬ ገጨሁት፣ እንደገና ገጨሁት። ቤቴን ምን ያህል እንደዘጋሁት ያወቅኩት ልጄ በውስጡ ሆና ነው።

ሲከፈት ብርዱ ፊታችንን መታን። እማማ ዘውዴ የጋቢውን ጫፍ ከሕፃኗ ፊት ገለጡላት። ሕፃኗ አለቀሰች። ከቀናት ወዲህ እንዲያ ጮኻ ስታለቅስ አልሰማንም ነበር። እኔ ሜሮን እንዳይበርዳት መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አስነሥቼ ላሞቅላት ሮጥኩ፤ አባ በሸሚዜ ጎትተው መለሱኝ። «አንተ ሰው፣ እዚያ ውስጥ ሌላ ልትጨምር ነው? ወደ ውጪ አውጣና አስነሣው።» አወጣሁና አስነሣሁት።

የእሳት አደጋ ሰዎች ወዲያው መጡ። አንዱ መለኪያውን ይዞ ገና ደፉን ሲረግጥ መሣሪያው ጮኸ። ሜሮንና ሕፃኗ አምቡላንስ ውስጥ ገብተው ኦክስጅን ተደረገላቸው። ሰውየው ጠየቀኝ፤ ቤቱ ውስጥ አላርም የላችሁም? የመኪናዬን ሻንጣ ከፈትኩና ፎጣውን ገልጬ አሳየሁት። ጣቱን ጽሑፉ ላይ አደረገልኝ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይላል፣ በትልቁ። አላርሙን አየው፣ ፎጣውን አየው፣ እኔን አየኝ፤ ወደ መለኪያው ተመለሰ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል ከሕፃኗ እግር ደም ወሰዱ፤ ከሜሮንም ወሰዱ። ውጤቱን እስኪነግሩን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ተጣሞ ነበር። አልተነሣሁም። ጉልበቴም አልዘለለም። ልጄን በገዛ እጄ፣ በፍቅር፣ በሦስት ድርብ ቴፕ ልገድላት ነበር፤ ከዚያ ሌላ የማስበው አልነበረኝም። አባ አጠገቤ ተቀምጠው ቀስ ብለው ያስረዱኛል። እሳት እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ቀዳዳዎቹ የተሠሩት ለሱ ነው። አንተ ስትዘጋበት የናንተን አየር በላ፤ የኪችኑ ፋን ደግሞ የሚያወጣውን የሚተካ አየር ሲያጣ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ታች ሳበው፤ ጭሱ መውጫው መግቢያ ሆነበት። እሰማለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

ሐኪሟ ወጥታ ሁለቱም እንደሚድኑ፣ በጊዜ እንደደረስን ነገረችን። እማማ ዘውዴ መሬቱን ሳሙ። እኔ ሜሮን ጋ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት፤ የመታጠቢያ ቤቱን መስኮት ሳይቀር።

ቀና ብላ አየችኝ። «ሐሙስ ዕለት ነው የዘጋኸው?»

«ሐሙስ።»

«ከሐሙስ ጀምሮ ነው የባሰብኝ።» ዓይኗን ጨፈነች። «አይ ኖው ስለምትወደን ነው። ግን አሁን ልትሰማኝ ይገባል፣ ኦኬ? ከብዶኛል ስልህ፣ ከብዶኛል ማለት ነው።»

«እሺ።»

«ቴፑን ደግሞ አምጣ። ሁሉንም።»

ሁሉንም ሰጠኋት። ጋራዥ የደበቅኩትንም ጭምር።

ቤቱ የተከፈተልን ከቀናት በኋላ ነው። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሂተሩን ፈትሾ፣ ጭስ ማውጫውን ጠርጎ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከፈታቸው። አባ ከኋላው ቆመው ያዩ ነበር፤ እኔ ከአባ ኋላ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆሜያለሁ። አላርም በየፎቁ ተሰቀለ። እማማ ዘውዴ ፋኑ ሲበራ መስኮት ከፈት ማድረግ ለመዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲነሡ ጸሎታቸውን አድርሰው ቀጥ ብለው ወደ ክሎዜቱ ይሄዳሉ፤ እጃቸውን ከቀዳዳው ፊት ያደርጋሉ፤ ብርዱ ሲነካቸው «ተመስገን» ይላሉ። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ መጥታ «እዚህ ኮሪደር ላይ እኮ ብርድ ይገባል» ብትል፣ «ይግባ» አሏት። «ለእሳቱ ነው። አንቺ ጋቢ ደርቢ።»

ሰማንያኛው ቀን ደረሰ። ሜሮን ነጭ ለብሳ፣ ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ልጃችን በአባ እጅ ላይ ናት፤ ሕዝቡ ጸጥ ብሏል። እኔ ጧፍ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እሳቱ ቀጥ ብሎ ይነድዳል። አባ ሊያጠምቋት ዝቅ ካሉ በኋላ መለስ አሉና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ቀዳዳው ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው አባ።»

አላመኑኝም። ከኔ አልፈው እማማ ዘውዴን አዩ።

«ዛሬ ጠዋት በእጄ ነክቼዋለሁ» አሉ እማማ ዘውዴ፤ አባም ልጅቷን አጠመቋት።